ካምቢዮ ዘይት ሲያንጠባጥብ

እንጅባራም ሆነ ዳንግላ፣ ከሥሩ ቀይ ዘይት የሚያንጠባጥብ አሮጌ ቪትዝ ይዞ ጋራዥ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር ብዙ ጊዜ «ጨምርበትና ንዳው» የሚል ነው። ምክሩ ያለ ምክንያት አልመጣም። የአካባቢው ነባር መካኒክ እጁን ያፍታታው በአይሱዙ፣ በላንድክሩዘርና በኮሮላ ዲኤክስ ነው። የእነዚህ ካምቢዮ በእጅ የሚገባ ስለሆነ ዘይቱ ትንሽ ቢጎድል ይችለዋል፤ ባለቤቱም በየጊዜው እየሞላለት ዓመት ያሳልፋል። ያው ልማድ አውቶማቲክ ካምቢዮ ላይ ሲደረግ ግን በአንዲት የጎማ ቀለበት የሚያልቅ ጥገና ሙሉ ካምቢዮ ወደ መቀየር ይደርሳል።

ልዩነቱ ያለው ዘይቱ በሚሠራው ሥራ ላይ ነው። በማኑዋል ካምቢዮ ውስጥ ዘይት ማርሾቹንና ኩሽኔታዎቹን ያለሰልሳል፤ በቃ። ኃይሉን ከሞተር ወደ ጎማ የሚያደርሰው ጥርስ ለጥርስ የተነካከሰ ብረት ነው፤ ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘውና የሚያላቅቀውም በግራ እግር የሚረገጠው ፍሪሲዮን ነው። አውቶማቲክ ላይ ያ ፔዳል የለም። በቦታው ቶርክ ኮንቨርተር የሚባል፣ ዙሪያውን የተበየደ፣ በዘይት የተሞላ ክብ ብረት ተቀምጧል። በውስጡ ባለ ክንፍ መሽከርከሪያዎች ፊት ለፊት ይተያያሉ። አንደኛው ከሞተሩ ጋር እየዞረ ዘይቱን ይወረውራል፤ ወንዝ የወፍጮን መዘውር እንደሚገፋ ይህም ዘይት ሁለተኛውን መሽከርከሪያ ይገፋል። መሃል ላይ ያለው ሦስተኛ ክንፍ የሚመለሰውን ዘይት አቅጣጫ እያስያዘ መኪናው ከቆመበት ሲነሳ ጉልበት ይጨምርለታል። ማርሽ ገብቶ ፍሬን ሲያዝ ሞተሩ የማይጠፋው ለዚህ ነው፤ በዚያ ሰዓት ሁለቱን የሚያያይዛቸው ዘይት ብቻ ነው። መኪናው ፍጥነት ይዞ በቀጥታ መንገድ ሲሄድ ግን በውስጡ ያለ መቆለፊያ ሁለቱን ያጣብቃቸዋል።

ከዚያ በኋላም ቢሆን ሥራው የዘይት ነው። ከሞተሩ ጋር የሚዞር ፓምፕ ዘይቱን ከሥር ካለው መያዣ፣ መካኒኮች ኮፓ ከሚሉት፣ በማጣሪያ በኩል ይስበዋል፤ ገፍቶም ወደ ቫልቮች ሳጥን ይልከዋል። ሳጥኑ እንደ ፍጥነቱና እንደ ነዳጅ አረጋገጡ ዘይቱን በጠባብ መተላለፊያዎች ያከፋፍላል፤ የደረሰበት ቦታ ያሉትን ስስ ፍሪሲዮኖች ጨምቆ አንዱን ማርሽ ያስገባል፣ ሌላውን ይለቃል። ይኸው ዘይት በብዙዎቹ መኪናዎች በሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ወደ ራዲያተሩ ሄዶ ቀዝቅዞ ይመለሳል። ሲቪቲ በሚባለው፣ በማርሽ ፈንታ ሁለት መዘውርና የብረት ቀበቶ ባለው ካምቢዮም ቀበቶውን አንቆ የሚይዘው የዘይት ግፊት ነው።

እንግዲህ ዘይቱ ሲጎድል ምን እንደሚከተል መገመት አያስቸግርም። ፓምፑ ዘይት ሲስብ አየር አብሮ ይስባል፤ አየር የገባበት ዘይት አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ሲጨመቅ ይሸሻል እንጂ አይገፋም። ፍሪሲዮኖቹ ሳይጨመቁ ይንሸራተታሉ፤ መንሸራተት ሙቀት ነው፤ ሙቀቱ ሽፋናቸውን ያነዳል፤ የነደደው ሽፋን ተመልሶ ዘይቱን ያጠቁረዋል፣ ማጣሪያውንም ይደፍናል። ባለመኪናው የሚያየው ምልክት ቀላል ነው። ጠዋት በእንጅባራ ብርድ የኋላ ማርሹን፣ አርን፣ ሲያስገባ መኪናው ሁለት ሦስት ሰከንድ ያስባል። ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው አይከተለውም። መታጠፊያ ላይ ደግሞ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ሲሸሽ ለቅጽበት ኃይል ያጣል። እዚህ ደረጃ ላይ የደረሰ መኪና ዛሬውኑ መቆም አለበት።

ማሽኑ ለዓለም አዲስ አይደለም። በብዛት ተመርቶ ገበያ የወጣው የመጀመሪያው ሙሉ አውቶማቲክ ካምቢዮ የጄኔራል ሞተርስ ሃይድራማቲክ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1939 ለ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል ቀረበ። እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በካምቢዮ ዘይት ውስጥ ፍሪሲዮኑ በልኩ እንዲይዝ ከትልቁ ዓሣ ነባሪ፣ ከስፐርም፣ የሚገኝ ዘይት ይቀላቀል ነበር። አሜሪካ ዓሣ ነባሪው እንዳይጠፋ ስትል ንግዱን ስትከለክል የዘይት ኩባንያዎች ምትኩን እስኪያገኙ ብዙ ካምቢዮ ተበላሽቷል። ይህን የማነሳው የካምቢዮ ዘይት ከሞተር ዘይት የቀጠነ ዘይት ብቻ የሚመስለው ሰው ስለማይጠፋ ነው። ቅመሙ ሲለወጥ ካምቢዮው ያውቀዋል። ቀዩ ቀለም ግን ማቅለሚያ ነው፤ ሲፈስ ከሞተር ዘይት እንዲለይ የተደረገ።

ወደ እኛ አገር ሲመጣ ነገሩን የሚያከብደው የመኪኖቹ ዕድሜ ነው። ቶዮታ ቪትዝን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ በመንገዶቻችን ላይ የሚታዩት የመጀመሪያው ትውልድ ቪትዞች ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ላይ ከዕድሜው ጋር የሚንር ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ጨርሶ እንዳይገቡ ተወሰነ። ስለዚህ አሁን ያለው ቪትዝና ኮሮላ እየተጠገነ የሚኖር ነው። ዋጋውም የሚቀንስ አልሆነም። ካምቢዮው ውስጥ ያሉት የጎማ ቀለበቶች ግን አዋጅ አያውቁም፤ በሙቀትና በዓመት ብዛት ይደርቃሉ፣ ይጠነክራሉ፣ ከንፈራቸው ይሰነጠቃል። ጠዋት ብርድ ሲሆን የሚያንጠባጥብ፣ ሞቅ ሲል የሚያቆም መኪና ብዙውን ጊዜ ቀለበቱ የደረቀበት ነው።

አዊ ዞን ያለው መኪና ደግሞ የሚፈተንበት የራሱ መንገድ አለው። ከአዲስ አበባ ወደ እንጅባራ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ነው፤ መሃሉ ላይ የአባይ በረሃ አለ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ መውረድ፣ ከድልድዩ እስከ ደጀን ያንኑ ያህል መውጣት ነው። መውጫው ላይ ከተጫነ መኪና ኋላ ተሰልፎ በእግር ፍጥነት የሚያዘግም አውቶማቲክ ቶርክ ኮንቨርተሩ ስለማይቆለፍ ዘይቱን እያማታ ያፈላዋል፤ የዝግታ ጉዞ ንፋስ ደግሞ ራዲያተሩን አያቀዘቅዝም። እዚያ የተጀመረው ማፍሰስ እንጅባራ ከደረሱ በኋላ ነው የሚታየው። ከእንጅባራ ወደ ቻግኒም ከ2,500 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ 1,600 ገደማ ይወረዳል፤ ተመልሶ ይወጣል። በአዲስ ቅዳም በኩል ወደ ዳንግላ ያለው መንገድ ይሻላል፤ ይሁን እንጂ የፋግታ ለኮማን የዲከረንስ ዛፍ ከሰል እስከ ጣሪያው የጫነ አይሱዙ ከፊት ካለ ያው ነው። ጥር 23 ለአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ በእንግዳ ሲጨናነቅ ዲ ላይ ትቶ ፍሬን እየያዙ መዋልም አይመከርም፤ ረዘም ላለ ማቆሚያ ኤን ማስገባት ዘይቱን ያሳርፈዋል።

ሌላው ጠላት ድንጋይ ነው። ከዋናው አስፋልት ወጣ ብሎ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚገባ ትንሽ መኪና ኮፓውን ድንጋይ ላይ ያሳርፋል፤ የጎበጠ ኮፓ ማሸጊያው፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ላይ እኩል አይቀመጥም። ይህን የፈሩ ባለመኪኖች ከሥር የብረት መከላከያ ያስበይዳሉ። ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ጣጣ አለው። የፈሰሰው ዘይት መከላከያው ላይ ተጠራቅሞ ከኋላ ጫፉ ይንጠባጠባልና መሬት ላይ ያለው እድፍ ከየት እንደመጣ አይናገርም። ከክረምቱ ጭቃ ጋር ተቀላቅሎ ሲጋገር ደግሞ ሳይታወቅ ብዙ ዘይት ይጠጣል።

ስለዚህ ጥገናው የሚጀምረው ከማየት ነው፤ እኔ እንደማምነው ከሥራው ትልቁ ድርሻም ይኸው ነው። መጀመሪያ ሌሊቱን ከመኪናው ሥር ካርቶን ማንጠፍ። ጠዋት የሚገኘው ቀይ ጠብታ ሁሉ የካምቢዮ አይደለም። የቶዮታ የራዲያተር ኩላንትም ቀይ ነው፤ እሱ ግን በጣት ሲታሸ እንደ ውሃ ነው፣ ቅባት የለውም። በሃይድሮሊክ የሚሠራ መሪ ባላቸው ኮሮላዎችና ሃይሶች ላይ የመሪው ዘይትም ብዙውን ጊዜ ይኸው ቀዩ ነው፤ የመሪው ዘይት ማጠራቀሚያ ጎድሎ ከተገኘ ካምቢዮውን መንካት አያስፈልግም። የቪትዝ መሪ ግን በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ይህ ጥርጣሬ አይነሳበትም። ያረጀ የካምቢዮ ዘይት ደግሞ ቡናማ ስለሚሆን ከሞተር ዘይት ጋር ይምታታል። ሞተሩና ካምቢዮው የሚጋጠሙበት ሥር ላይ የታየ እርጥበት የሞተሩ የኋላ ኦይል ሲል፣ ማለትም ዘይት የሚያግደው የጎማ ቀለበት፣ ወይም የካምቢዮው የፊት ኦይል ሲል ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ለመቀየር ካምቢዮው መውረድ ስላለበት ከማውረድ በፊት የሞተርንም የካምቢዮንም ዘይት ለክቶ የትኛው እንደሚጎድል ማወቅ ገንዘብ የማያስወጣ ብልህነት ነው።

ቀጥሎ እጥበት። መከላከያው ይወርዳል፤ መኪናው በክሪክ ተነስቶ በጠንካራ ማቆሚያ ላይ ይቀመጣል፣ የኋላ ጎማዎቹ ታኮ ይደረግባቸዋል። በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ሥር መግባት ሕይወት ያስከፍላል። ሥሩ በኦሞና በሙቅ ውሃ በብሩሽ ታጥቦ ይደርቃል። ከዚያ በጣት የሚነሰነስ የሕፃናት ፓውደር በጥርጣሬ ቦታዎቹ ላይ ይበተናል፤ መኪናው አንድ ዙር ተነድቶ ይመለሳል። ነጩ ላይ ቀይ መስመር ይሠመራል። ዘይት በስበት ወደ ታች፣ በንፋስ ወደ ኋላ ስለሚሄድ መነሻው ከእርጥቡ ሁሉ ከፍ ብሎና ወደ ፊት ቀድሞ ያለው ነጥብ ነው። በባትሪ መብራት ይህን ነጥብ ሳያገኝ ቁልፍ የሚያነሳ መካኒክ በሰው ገንዘብ ዕጣ ያወጣል።

መነሻዎቹ ብዙ አይደሉም። የኮፓው ጓርኒሲዮን፣ የማፍሰሻው ታፖ፣ ከካምቢዮው ወደ ፊት ጎማዎች የሚወጡት ሁለት ዘንጎች ያሉባቸው ኦይል ሲሎች፣ የማርሽ መቀየሪያው ሽቦ የሚታሰርበት ዘንግ፣ የመለኪያው ቱቦ ሥር ያለ ቀለበት፣ ወደ ራዲያተር የሚሄዱት ቱቦዎች፤ ከባዱ ደግሞ የፊቱ ኦይል ሲል። የቱቦዎቹን ማጥበቂያ መቀየር የደቂቃ ሥራ ነው። የዘንጎቹ ኦይል ሲል ጎማውንና ዘንጉን ማውጣት ይጠይቃል፤ ዘንጉ ተመልሶ ሲገባ አዲሱን ከንፈር በጥርሱ እንዳይቧጭረው ዘይት ተቀብቶ ቀጥ ብሎ መግባት አለበት። በጥድፊያ የተቀየረ ኦይል ሲል በሳምንቱ ሲያፈስ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይባላል፤ አንዳንዴ እውነት ነው፣ አንዳንዴ ግን የተሰነጠቀው ሲገባ ነው።

በብዛት የሚያጋጥመው ኮፓው ስለሆነ እሱን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። በትንንሽ ቶዮታዎች ላይ ታፖው ሲፈታ የሚወርደው ዘይት ወደ 3 ሊትር ነው፤ የቀረው ኮንቨርተሩና መተላለፊያዎቹ ውስጥ ይቆያል። የወረደው በንጹሕ ዕቃ ተይዞ ይለካል። ባለ 10 ቁጥር ብሎኖቹ በሙሉ ይወጣሉ፤ ኮፓው ተላቆ ሲመጣ ከውስጡ የተጣበቁ ትንንሽ ማግኔቶች ይታያሉ። በላያቸው ያለው ጥቁር ግራጫ ልስልስ ቅባት ከሆነ የተፈጥሮ መበላት ነው፣ ተጠርጎ ይመለሳል። በጥፍር የሚያዝ የብረት ስብርባሪ ከተገኘ ግን የጓርኒሲዮን ጉዳይ አልፏል። የኮፓው ከንፈር መስታወት ላይ ተደፍቶ ይታያል፤ በብሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ የጎበጠ ከሆነ በእንጨት ላይ አስተኝቶ በመዶሻ ይቀናል። ጉብጠቱን ያመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ማጥበቅ ነው። የጎማ ዳዶ በቶዮታ የሚጠበቀው በ103 ኒውተን ሜትር ነው፤ የኮፓ ብሎኖች በብዙዎቹ ካምቢዮዎች ከ10 አያልፉም። ይህ በአጭር ቁልፍ፣ በእጅ አንጓ ብቻ፣ ከመሃል ወደ ዳር እያቆራረጡ የሚደረስበት ልክ ነው። ያፈሰሰ ኮፓ ላይ «ጠበቅ አርገው» የሚለው ትእዛዝ የባሰ እንዲያፈስ የሚያደርገው ለዚህ ነው።

ጓርኒሲዮን በጠፋ ጊዜ ሲልኮን የሚያድን ይመስላል። አንዳንድ ካምቢዮዎች ከፋብሪካም በሲልኮን የታሸጉ ስለሆኑ በልኩ የተቀባ አይጎዳም፤ ግን በጓርኒሲዮን የሚሠራው ላይ በላዩ በወፍራሙ ሲለጠፍ የተረፈው ወደ ውስጥ ተቆርጦ ማጣሪያውን ይዘጋል። ሌላው የሰፈር መላ ካምቢዮው ውስጥ ትንሽ የፍሬን ዘይት መጨመር ነው። የደረቀውን ጎማ ያሳብጠዋል፣ ለጥቂት ጊዜም ማፍሰሱን ያቆማል፤ ቀጥሎ ግን ያንኑ ጎማ ያበሰብሳል፣ የፍሪሲዮኖቹንም ሽፋን ይነካል። መኪና ሊሸጥ የተዘጋጀ ሰው የሚያደርገው ነገር ነው። በጠርሙስ የሚሸጡት ማፍሰስ ማቆሚያዎች ከዚህ ይሻላሉ፣ ግን የተሰነጠቀ ከንፈርን አይመልሱም፤ ዕቃው ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ እስኪደርስ፣ መንገድ በተዘጋም ጊዜ፣ የሚያዘግሙ ናቸው።

የዘይቱ ዓይነት ላይ ድርድር የለም። የቀድሞዎቹ ቪትዝና ኮሮላ አውቶማቲኮች ቲ ፎር የተባለውን ይፈልጋሉ፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት ብዙዎቹ ደብሊው ኤስን፤ ሲቪቲዎቹ የራሳቸውን። ሦስቱ በቀለም መመሳሰላቸው አንድ አያደርጋቸውም፤ በተለይ ሲቪቲ ውስጥ ተራ የካምቢዮ ዘይት መጨመር ቀበቶው እንዲንሸራተት ማድረግ ነው። የትኛው እንደሚገባ በመለኪያው ዘንግ ላይ ወይም በመኪናው መመሪያ ላይ ተጽፏል።

ልኩም የሚታየው እንደ ሞተር ዘይት ሞተር አጥፍቶ አይደለም። መኪናው ተነድቶ ከሞቀ በኋላ፣ ዘይቱ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሲደርስ፣ ሜዳ ላይ ቆሞ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ መቀየሪያው ከፒ እስከ ኤል በየቦታው እያረፈ ተመልሶ ፒ ላይ ከገባ በኋላ ነው ዘንጉ የሚወጣው፤ «ትኩስ» በሚለው ምልክት ውስጥ መሆን አለበት። ዘይቱ ቀዝቅዞ ሳለ የለካ ሰው ጎደለ ብሎ ይጨምራል፤ የበዛው ዘይት በሚዞሩት ክፍሎች ተመትቶ አረፋ ይሆንና በአየር መውጫው ይፈሳል፤ ሰውየው አሁንም ያፈሳል ብሎ ወደ ጋራዥ ይመለሳል። መለኪያ ዘንግ የሌላቸው አዳዲሶቹ ደግሞ ዘይቱ በተወሰነ ሙቀት ላይ ከታፖ ሞልቶ ሲፈስ ነው ልኩ የሚታወቀው፤ ለዚህ ሙቀቱን የሚያነብ የመመርመሪያ መሣሪያ ያለው ጋራዥ መፈለግ ግድ ነው።

ዘንጉ ላይ ያለው ዘይት ነጭ ሶፍት ላይ ሲነካ ሌላም ይናገራል። ጥቁርና የተቃጠለ ሽታ ያለው ከሆነ ፍሪሲዮኑ ተነክቷል። ወተት የገባበት የሚመስል ሮዝ ከሆነ ደግሞ ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ማቀዝቀዣ ተበስቶ ውሃ ገብቷል፤ ይህ መኪና ባለበት መቆም አለበት፤ ውሃ የፍሪሲዮኑን ሙጫ በአጭር ጊዜ ያላቅቀዋል። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ይህን የሶፍት ፈተና ከዋጋ ክርክሩ በፊት ቢያደርገው ይሻላል። ሥሩ ለሽያጭ ታጥቦ የሚያብረቀርቅ ከሆነም ግማሽ ሰዓት ነድቶ፣ ዳገት አስወጥቶ፣ እንደገና ጎንበስ ብሎ ማየት ነው።

ዘይቱ መንገድ ላይ ካለቀስ? ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ቆሞ የቀረ ማኑዋል መኪና ተገፍቶ ይነሳል፤ በገመድ ተጎትቶም እንጅባራ ይገባል። አውቶማቲክ ሁለቱንም አይወድም። ፓምፑ የሚዞረው በሞተሩ በኩል ስለሆነ ጎማውን በመግፋት ግፊት አይፈጠርም፣ ሞተሩም አይነሳም። ሞተሩ ጠፍቶ ሲጎተት ደግሞ ጎማዎቹ የካምቢዮውን የውስጥ ክፍሎች ዘይት ሳይደርሳቸው ያዞሯቸዋል። አምራቾች በፍጥነትም በርቀትም ይገድቡታል፣ ለአንዳንዱም ጨርሶ ይከለክሉታል። የሚሻለው ኃይል የሚደርሳቸውን ጎማዎች፣ በቪትዝና በኮሮላ የፊቶቹን፣ ከመሬት አንስቶ መጎተት ወይም መኪናውን እንዳለ አይሱዙ ላይ መጫን ነው፤ የጭነቱ ዋጋ ከካምቢዮ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ጥገናው ካለቀ በኋላ መኪናው በማግሥቱና በሳምንቱ እንደገና ካርቶን ይነጠፍለታል፣ ልኩም በትኩሱ ይታያል። በሥሩ ላይ የቀረው ዘይት ለጥቂት ቀን ሊንጠባጠብ ስለሚችል ከማስረከቡ በፊት በደንብ መታጠብ አለበት፤ ያለዚያ ያልፈሰሰውን ፈሰሰ ብሎ መካኒክና ባለመኪና ይጨቃጨቃሉ።